ፖሊስ ሲያስቆማችሁ፣ ሲጠራችሁና ሲይዛችሁ፦ ከኬላ እስከ ቃል መስጫው ጠረጴዛ

ከፖሊስ ጋር ስትነጋገሩ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፤ ጥያቄያችሁን ግን አትተዉ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

እኛ ሰሜን ሸዋዎች ሹም አክባሪዎች ነን። ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ሲመጣ ከተቀመጥንበት ተነስተን ነው የምንቀበለው። ጥሩ ልማድ ነው። ችግሩ ብዙዎቻችን «ለምንድን ነው የተያዝኩት?» ብሎ መጠየቅን እንደ ድፍረት ማየታችን ነው። ዝም ብለን እንሄዳለን፣ ዝም ብለን እንፈርማለን። በሌላ በኩል ጥያቄና ጠብ የሚምታታባቸው አሉ። በተለይ ወጣቶች። መብታቸውን ያውቃሉ፤ ግን በጩኸት ነው የሚጠይቁት። የሚጮህ ሰው ትክክል ቢሆን እንኳ እዚያ ቦታ ላይ የሚሰማው የለም።

ጊዜውም ቀላል አይደለም። በአማራ ክልል ግጭቱ ከጀመረ ወዲህ ፍተሻው ጠብቋል፤ ፖሊሱም ሕዝቡም ተጨንቋል። መሣሪያ የያዘና እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት ስትቆሙ ትንሽ ነገር ትልቅ ይሆናል። ምክሬ ይህን ታሳቢ ያደረገ ነው።

ከቤት ሳትወጡ

መታወቂያ ያዙ። የቀበሌም ሆነ ፋይዳ፣ ጊዜው ያላለፈበት ይሁን። ተማሪ ከሆናችሁ የትምህርት ቤቱንም ጨምሩ። ከገጠር ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ፣ መታወቂያ ያላወጡ ልጆችና አረጋውያን ካሉ ከቀበሌያቸው ማህተም ያለበት ደብዳቤ ይያዙ። ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ ማስቀመጥ ጥሩ ነው፤ ዋናውን ግን አይተካም።

የሁለት ዘመድ ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ። ዛሬ ማንም ቁጥር በቃሉ አያውቅም። ሰው ሲያዝ ደግሞ መጀመሪያ ከእጁ የሚወጣው ስልኩ ነው። ያኔ ሚስቱን እንኳ መጥራት ያቅተዋል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ እላለሁ። መናኸሪያ ላይ «ይህችን ፌስታል ሸዋ ሮቢት የሚቀበልህ ሰው አለ፣ አድርስልኝ» የሚል ሰው አይጠፋም። እኛም እምቢ ማለት ይከብደናል። ውስጡን ያላያችሁትን ዕቃ አትቀበሉ። ፍተሻ ላይ ዕቃው የተገኘው እናንተ እጅ ነው፤ «የሰው ነው» ማለት ብቻውን አያድናችሁም። ከብት ሸጣችሁ ወይም ከባንክ አውጥታችሁ ብዙ ብር ከያዛችሁም ደረሰኙን አብራችሁ ያዙ።

ኬላ ላይና በምሽት መንገድ

ታኅሣሥ ላይ ደብረ ብርሃን ሲመሽ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ውርጭ ነው። ሁሉም ሰው ጋቢውን ወይም ባናውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ ሁለት እጁን ከውስጥ ደብቆ ነው የሚሄደው። ለእኛ ብርድ መከላከያ ነው። ለፖሊሱ ግን ፊቱና እጁ የማይታይ ሰው ነው። «ቁም!» ሲባል ደግሞ አብዛኛው ሰው የሚያደርገው በጣም አደገኛውን ነገር ነው። መታወቂያውን ለማውጣት ብሎ እጁን ከጋቢው ስር ወደ ደረት ኪሱ በፍጥነት ይሰዳል። ከጋቢ ስር የሚንቀሳቀስ እጅ በጨለማ ምን ሊመስል እንደሚችል አስቡት።

ስለዚህ መጀመሪያ ባላችሁበት ቁሙ። አንድ እርምጃ እንኳ አትጨምሩ። ጋቢውን ከፊታችሁ ላይ አውርዱ። ሁለቱንም እጆቻችሁን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ውጭ አውጡ፤ ባዶ መሆናቸው ይታይ። ዱላ ከያዛችሁ መሬት ላይ አስቀምጡት። የባትሪ መብራት ካላችሁ ወደ ፖሊሱ ዓይን አታብሩ። ከዚያ ሰላምታ ስጡ፦ «እንደምን አመሻችሁ?» መታወቂያ ስትጠየቁ እጃችሁን ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት አፋችሁ ይቅደም፦

«መታወቂያዬ ደረት ኪሴ ውስጥ ነው፣ ከጋቢው ስር። ላውጣው?»

«አውጣው» ሲባል ቀስ ብላችሁ አውጡና በሁለት እጅ ስጡ። ይህን ልጆቻችሁንም አለማምዷቸው፤ ማታ ሱቅ የሚላኩት እነሱ ናቸው።

አውቶቡስ ውስጥ ከሆናችሁና «ውረዱ» ከተባለ ውረዱ። በር ላይ አትጋፉ። መታወቂያችሁን ገና ስትወርዱ አዘጋጁ። የተጠየቃችሁትን ብቻ መልሱ፦ ከየት መጣህ፣ ወዴት ትሄዳለህ፣ ምን ልትሠራ። አጭር፣ እውነት፣ በቃ። አጠገባችሁ ስላለው ሰው አትመልሱ፤ «እሱ ደግሞ...» ብላችሁ አትጀምሩ። ፍተሻ ላይ ቀልድ የለም። «ቦንብ ነው የያዝኩት» ብሎ መቀለድ መኪናውን ሙሉ ሊያስውል ይችላል።

አጠራሩ ላይ ብዙ አትጨነቁ። ማዕረጉን ካወቃችሁ በማዕረጉ ጥሩት፦ ሳጅን፣ ኢንስፔክተር፣ ኮማንደር። ካላወቃችሁ «ጌታዬ» ወይም «ወንድሜ» ይበቃል፤ ሴት ከሆነች «እህቴ»። በዕድሜ ልጃችሁ የሚሆን ኮንስታብል ቢሆንም ሥራ ላይ ነውና «እርስዎ» ማለት አይጎዳችሁም። ሽማግሌዎቻችን «ልጄ» ሲሉ አብዛኛው ሰው በደግ ነው የሚወስደው። «አንተ» ብሎ መጀመር፣ ጣት መቀሰር፣ «እገሌን አውቀዋለሁ፣ ልደውልለት?» ማለት ግን ነገር ያከራል። በተለይ የመጨረሻው። ፖሊሱ «አንተ» ቢላችሁም እናንተ በ«እርስዎ» ቀጥሉ። ፈርታችሁ አይደለም። በኋላ ምስክር ቢጠራ የማን አነጋገር ምን እንደነበረ ይታወቃል።

ሰውነታችሁን ሲፈትሹ እጃችሁን ዘርጉና ዝም በሉ። ሴትን መፈተሽ ያለባት ሴት ናት። ሴት ፈታሽ ከሌለች እንዲህ በሉ፦ «ለመፈተሽ ፈቃደኛ ነኝ። ግን ሴት ፈታሽ ትምጣልኝ፤ እጠብቃለሁ።» ፈቃደኝነቱ መጀመሪያ ይነገር፤ ጥያቄው ከኋላ ይከተል። ቅደም ተከተሉ ለውጥ ያመጣል።

ስልክ ክፈት ሲባልስ? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ የግል ሕይወትን፣ በስልክ የሚደረግ ግንኙነትንም ጭምር ይጠብቃል። «የፍርድ ቤት ትዕዛዝ አለ ወይ?» ብሎ በዝግታ መጠየቅ ይቻላል። ግን እውነቱን ልንገራችሁ። በውጥረት ቀን፣ መሣሪያ በተደገነበት ቦታ፣ ስልክ ለማስጣል መታገል ዋጋ የለውም። ቦታውን፣ ሰዓቱንና የሆነውን በልባችሁ ያዙ፤ ክርክሩን ሌላ ቀንና ሌላ ቦታ ታደርጉታላችሁ። ኬላ ላይ ቪዲዮ መቅረጽም አልመክርም። መጀመሪያ ከዚያ በሰላም ውጡ።

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሸኖን፣ አለልቱንና ሰንዳፋን ስታልፉ ኦሮሚያ ክልል ውስጥ ናችሁ። በኦሮምኛ ቢያናግሯችሁና ባትችሉ አትኮሳተሩ፦ «ይቅርታ፣ ኦሮምኛ አልችልም፤ በአማርኛ ይንገሩኝ?» በሉ። ሰላምታውን በኦሮምኛ ብትሰጡ ደግሞ ፊት ይፈታል። ባልገባችሁ ነገር ላይ «እሺ» አትበሉ።

ለሹፌርና ለባጃጅ ነጂ

ቀኛችሁን ይዛችሁ ቁሙ፣ ሞተር አጥፉ፣ ማታ ከሆነ የውስጥ መብራት አብሩ። ካልታዘዛችሁ አትውረዱ። ጣርማ በር ዋሻ አካባቢ ጉም ከወረደ «ቁም» ብትባሉም መብራት እያሳያችሁ ከዋሻው አፍና ከጠምዛዛው ራቅ ብላችሁ ቁሙ፤ ምክንያታችሁን ወዲያው ተናገሩ። መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን መድን አንድ ቦላሌ ኪስ ውስጥ ሳይሆን አንድ ማኅደር ውስጥ ይሁኑ።

ጥፋት ከተባለ «ምኑ ላይ ነው ያጠፋሁት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የቅጣት ወረቀቱን ተቀበሉ፤ ያልተስማማችሁበትን በኋላ አመልክቱ። «የሻይ» የሚባለውን ግን ተዉት። ጉቦ የሚቀበለው ብቻ ሳይሆን የሚሰጠውም በሕግ ይጠየቃል። ብትጠየቁ «ቅጣቱ ይጻፍልኝ፣ ደረሰኝ ባለበት እከፍላለሁ» በሉ። ይህን ሲሉ ድምፅ ከፍ ማድረግ አያስፈልግም።

መጥሪያ ሲደርሳችሁ

አትጥፉ። ከሁሉ በፊት ይህን ስሙኝ። ወደ ዘመድ ቤት መንዝ ወይም ቆላ ወርዶ መሰንበት ንጹሑን ሰው ተጠርጣሪ ያስመስለዋል። በኋላም «ዋስ ቢፈቀድለት ይሰወራል» ለማለት ያገለግላል።

መጥሪያው በጽሑፍ ከሆነ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ጣቢያውንና የጠራችሁን መርማሪ ስም አንብቡ፤ ፎቶ አንሱት። በስልክ ወይም በሰው ከሆነ የደወለውን ሰው ስምና ማዕረግ ጠይቁና ለቤተሰብ ተናገሩ። ስትሄዱ ለብቻችሁ አትሂዱ። የሚያነብ፣ የረጋ አንድ ሰው ይከተላችሁ። አጃቢ ግን አታብዙ፤ አሥር ሰው ጣቢያ በር ላይ ሲቆም ሌላ መልክ ይይዛል።

እዚያ ስትደርሱ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ይሁን፦ «የተጠራሁት በምስክርነት ነው ወይስ በተጠርጣሪነት?»

ልዩነቱ ሰፊ ነው። ለረጅም ዘመን የተሠራበት የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ሁለቱን ለይቶ ነው ያስቀመጣቸው። ምስክር የተጠየቀውን በእውነት የመመለስ ግዴታ አለበት፤ ራሱን ወንጀል ውስጥ የሚያስገባውን ጥያቄ ብቻ መተው ይችላል። ተጠርጣሪ ግን መልስ እንዲሰጥ አይገደድም። ብዙ ሰው «ላስረዳ ነው የተጠራሁት» ብሎ ገብቶ ሁሉን ያወራል። ሲወጣ ነው ራሱ የተጠረጠረበት ጉዳይ እንደነበረ የሚያውቀው። መልሱን ሳታገኙ ወንበር ላይ አትደላደሉ።

ስትያዙ

በጉልበት አትታገሉ፣ አትሩጡ። አባቶቻችን «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» ይሉ ነበር። መቆም ፍርሃት አይደለም። መያዙ ሕገ ወጥ ቢሆን እንኳ የሚከራከሩበት ቦታ ፍርድ ቤት ነው።

ቆማችሁ ግን ጠይቁ፦ «በምን ምክንያት ነው የምያዘው? የመያዣ ትዕዛዝ አለ? ወዴት ጣቢያ ነው የምትወስዱኝ?» ትዕዛዝ ካለ ሊነበብላችሁ ይገባል፤ አሳዩኝ ካላችሁም ሊያሳዩአችሁ ይገባል። ያለ ትዕዛዝ የሚያዝበት ሁኔታም አለ፤ ለምሳሌ እጅ ከፍንጅ የተገኘ ሰው። ስለዚህ «ትዕዛዝ የለም» ሲባል «እንግዲያውስ አልሄድም» አይደለም መልሱ። «እሺ፣ እሄዳለሁ፤ ምክንያቱን ግን ንገሩኝ» ነው። በዚያ የሚያልፍ የምታውቁት ሰው ካለ ስሙን ጠርታችሁ ለቤት እንዲናገር ንገሩት።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ የያዘው በአጭሩ ይህ ነው። የተያዘበትን ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ማወቅ። ዝም የማለት መብት። የሚናገረው ቃል በፍርድ ቤት ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል መነገር። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ። እንዲያምን አለመገደድ፤ ተገዶ የሰጠው ቃል ተቀባይነት የለውም። በዋስ የመለቀቅ መብት፤ ፍርድ ቤት የሚከለክለው ሕግ በደነገጋቸው ልዩ ሁኔታዎች ብቻ ነው። ከ48 ሰዓቱ ውስጥ ከተያዙበት ቦታ እስከ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚፈጀው የጉዞ ጊዜ አይቆጠርም። በእኛ ተራራና ሸለቆ ይህ ለውጥ ያመጣል፤ ግን ለሳምንት ማቆያ ሰበብ አይሆንም። የተያዛችሁበትን ሰዓት በልባችሁ ያዙ።

በሐምሌ 2015 የታወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሁላችንም እናስታውሰዋለን። እንዲህ ያለ አዋጅ ሲኖር አንዳንድ መብቶች ለጊዜው ይገደባሉ። ያኔም ቢሆን ሊነኩ አይችሉም ተብለው አንቀጽ 93 ላይ ከተዘረዘሩት አንዱ አንቀጽ 18 ነው፦ ከጭካኔ፣ ኢሰብአዊ ከሆነና ክብርን ከሚያዋርድ አያያዝ የመጠበቅ መብት። በየትኛውም ጊዜ፣ በየትኛውም አዋጅ፣ ሰውን መደብደብ ሕጋዊ ሆኖ አያውቅም።

ጣቢያ ስትገቡ ብራችሁን ራሳችሁ ቆጥራችሁ አስረክቡ። ስልክ፣ ቀበቶ፣ ሰዓት፣ ምን ያህል ብር፣ ሁሉም ይመዝገብና አይታችሁ ፈርሙ። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ለተረኛው ወዲያው ተናገሩ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሲያማችሁ መናገር ዘግይቶ ሊሆን ይችላል።

ቃል ስትሰጡ

ከሁሉም ቦታ ይልቅ ሰው ራሱን የሚጎዳው እዚህ ነው። ዱላ ሳይነሳ፣ ማንም ሳይሰድበው፣ ሻይ እየጠጣ።

ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ አድራሻ ስትጠየቁ ስጡ። ስለ ጉዳዩ መናገር ካልፈለጋችሁ ወይም መጀመሪያ ጠበቃ ማማከር ከፈለጋችሁ ይህን በቃላችሁ ያዙ፦

«ማንነቴን ተናግሬአለሁ። ስለ ጉዳዩ ግን ጠበቃ ሳላማክር ቃል መስጠት አልፈልግም። ይህንኑ መዝግቡልኝ።»

ከዚህ በኋላ ዝምታችሁ ወጥ ይሁን። ግማሹን ተናግሮ ግማሹን መተው የከፋ ነው። «ዝም ብለን እንጫወት፣ አልጽፈውም» የሚባለውም ቃል ነው። «እመንና ቶሎ ትወጣለህ» ቢባል መርማሪ በተስፋም በማስፈራራትም ቃል ማውጣት እንደሌለበት ሕጉ መከልከሉን አስታውሱ። መለቀቃችሁን የሚወስነው እሱ ብቻ አይደለም።

ለመናገር ከመረጣችሁ ያያችሁትንና ያደረጋችሁትን ብቻ ተናገሩ። የሰማችሁትን «ሰምቻለሁ» በሉ። የማታስታውሱትን «አላስታውስም» በሉ። «መቼም እሱ ሳይሆን አይቀርም» የሚል ግምት መዝገብ ላይ ሲሰፍር ግምትነቱ ይጠፋል።

አሁን ወደ ጽሑፉ። መርማሪው የሚጽፈው በራሱ አማርኛ ነው፤ ግን «እኔ» እያለ በእናንተ ስም ነው የሚጽፈው። ብዙ ጊዜ ክፋት የለበትም፤ የቢሮ አጻጻፍ ልማድ ነው። ለምሳሌ እናንተ «መጀመሪያ እሱ ገፋኝ፣ እኔም ወደኋላ ልል ብዬ ገፋ ሳደርገው ወደቀ» ትላላችሁ። ወረቀቱ ላይ «በመካከላችን ግብግብ ተፈጥሮ ገፍትሬ ጥየዋለሁ» ተብሎ ይገኛል። ሁለቱን አስተያዩ። መጀመሪያ የገፋው ማን እንደሆነ ጠፋ። ራሳችሁን ለማዳን እንደነበረ ጠፋ። «ወደቀ» የነበረው «ጣልኩት» ሆነ። ከዓመት በኋላ ዳኛው የሚያነበው ሁለተኛውን ነው።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አንብቡ። «ቸኩያለሁ፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው» ቢባል «ይቅርታ ሳጅን፣ በስሜ የተጻፈ ስለሆነ ላንብበው፤ ቶሎ እጨርሳለሁ» በሉ። የተሳሳተውን በጣታችሁ አሳዩና «እንዲህ አላልኩም፣ ያልኩት እንዲህ ነው» ብላችሁ እንዲታረም ጠይቁ። የታረመው ቦታ አጠገብ ፈርሙ። ከጽሑፉ መጨረሻና ከፊርማችሁ መካከል ባዶ ቦታ ካለ መስመር ይሰመርበት። ገጹ ከአንድ በላይ ከሆነ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ፈርሙ። ቀንና ሰዓት መጻፉን እዩ። መጨረሻ ላይ «ተነቦልኝ ትክክል መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ይኖራል። ሳይነበብላችሁ ከፈረማችሁ ውሸት ነው የፈረማችሁት።

ማንበብ ለማይችሉ እናቶችና አባቶች ይህ እጥፍ ድርብ ይሆናል። አሻራ ከመስጠታቸው በፊት ቀስ ተብሎ ጮክ ተብሎ ይነበብላቸው፤ ቢቻል ከመርማሪው ሌላ ሰው ያንብብላቸው። «እማማ፣ እዚህ ጋ አውራ ጣትዎን» ሲባሉ «እሺ ልጄ» ብለው ጣታቸውን የሚሰጡ ስንት አሉ! ልጆቻቸው አስቀድማችሁ ንገሯቸው፦ ሳይነበብ አሻራ የለም።

የማትስማሙበትን ወረቀት አትፈርሙ። ተገዳችሁ ከፈረማችሁ ደግሞ መጀመሪያ ፍርድ ቤት በቀረባችሁበት ቀን ለዳኛው ተናገሩ። በሁለተኛው ቀጠሮ አይደለም፤ በመጀመሪያው። የተመታችሁበት ቦታ ካለ ያኔውኑ አሳዩ፣ ሕክምና እንዲታዘዝላችሁ ጠይቁ። ፖሊስ ተጨማሪ ጊዜ ቀጠሮ ሲጠይቅ ዳኛው «ምን ትላለህ?» ይላል። «ፍርድ ቤቱ እንዳለ» ብላችሁ አትቀመጡ። «ምን ምርመራ ነው የቀረው? ቋሚ አድራሻ አለኝ፣ ዋስም አለኝ፣ በውጭ ሆኜ ልከታተል» በሉ። በ1954ቱ ሕግ አንድ ጊዜ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም።

ቤተሰብ ምን ያድርግ

በመጀመሪያ የት ጣቢያ እንዳለ አረጋግጡ። የመርማሪውን ስምና የመዝገብ ቁጥሩን ጠይቁና ጻፉ፤ ከዚያ በኋላ በየሄዳችሁበት ቢሮ የሚጠየቀው ቁጥሩ ነው። ምግብ፣ ጋቢ፣ መድኃኒት ይዛችሁ ሂዱ። የተያዘ ሰው በትዳር ጓደኛው፣ በቅርብ ዘመዶቹ፣ በጓደኞቹ፣ በሃይማኖት አባት፣ በሐኪምና በጠበቃ የመጎብኘት መብቱ በአንቀጽ 21 ተጽፏል። «ዛሬ አይገባም» ከተባላችሁ «መቼ እንምጣ? ማን ነው የከለከለው?» ብላችሁ ስሙን ያዙ።

ለዋስ አስቀድማችሁ ተዘጋጁ። ቀላል ጉዳይ ከሆነ ፖሊስ ራሱ በዋስ ሊለቅ ይችላል፤ አንዳንዴ የመታወቂያ ዋስ ይበቃል። ፍርድ ቤት ገንዘብ ካዘዘ የምታስይዙት በደረሰኝ ነው፤ ደረሰኙን እንደ ዓይናችሁ ብሌን ጠብቁ፤ ብሩ የሚመለሰው በእሱ ነው።

48 ሰዓቱ አልፎ ፍርድ ቤት ካልቀረበ ወደ ፍርድ ቤት ሄዳችሁ «አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ማቅረብ እፈልጋለሁ» በሉ። የታሰረው ራሱ ማመልከት ካልቻለ ሌላ ሰው ስለ እሱ ሊያመለክት ይችላል። ቅዳሜና እሁድ ከዋለ ተረኛ ዳኛ መኖሩን ጠይቁ። ለጠበቃ አቅም ከሌላችሁ የሕግ ትምህርት የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች ነጻ የሕግ ድጋፍ የመስጠት ልማድ አላቸውና ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ሽማግሌ መላክን በተመለከተ አንድ ቃል። በስድብ ወይም በቀላል ጠብ ጉዳይ ዕርቅ ብዙ ጊዜ ይጠቅማል። በሰው መግደልና በመድፈር ግን ዕርቅ ክሱን አያስቀረውም። የተደፈረች ልጅን ቤተሰብ በሽማግሌ ማስጨነቅ ደግሞ ነውር ነው።

ቤት ሲፈተሽ

በሩ ላይ ቁሙና የብርበራ ትዕዛዙን ጠይቁ። የማን ቤት እንደሆነ፣ ምን ዕቃ እንደሚፈለግ አንብቡ። በሕጉ መሠረት ፍርድ ቤት ለይቶ ካልፈቀደ በቀር ብርበራ የሚደረገው ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ያለ ትዕዛዝ የሚገባበት ሁኔታም አለ፤ ለምሳሌ ሲባረር የነበረ ተጠርጣሪ ቤታችሁ ከገባ። በሰውነታችሁ በሩን አትዝጉ። አንድ ጎረቤት ጥሩና በምስክርነት ይቁም። ከክፍል ክፍል አብራችሁ ሂዱ። የተወሰደው ዕቃ አንድ በአንድ ተጽፎ፣ አንብባችሁ ፈርሙ፤ ግልባጭ ጠይቁ። ልጆችን ከቤት አውጧቸው፤ ያንን ማየት የለባቸውም።

እናንተ አመልካች ስትሆኑ

ፖሊስ ጋ የምንሄደው ተጠርጥረን ብቻ አይደለም። ተሰርቀን፣ ተመትተንም ነው። ነገሩን በቅደም ተከተል ተናገሩ፦ መቼ፣ የት፣ ማን፣ ምን፣ ማን አየ። ከሠላሳ ዓመት በፊት ከጀመረው የድንበር ጠብ አትነሱ። አታጋኑ፤ ሁለት ሺህ ብር የጠፋበት ሰው ሃያ ሺህ ካለ በኋላ እውነተኛው ሁለት ሺህም አይታመንለትም። ሰውን በሐሰት መክሰስም ወንጀል ነው። ስትወጡ የመዝገብ ቁጥሩን ይዛችሁ ውጡ።

ጾታዊ ጥቃት ከሆነ ሳትታጠቡ፣ ልብስ ሳትቀይሩ ሆስፒታል ሂዱ። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ቶሎ በሆነ ቁጥር ይሻላል። ፖሊስ ጣቢያ ሴት መርማሪ እንድትቀበላችሁ ጠይቁ።

ፖሊስ ሲበድላችሁ

ጨዋ ፖሊስ ብዙ አለ። የሚበድልም አለ። የተመታ ሰው በዚያው ቀን የመንግሥት ሕክምና ተቋም ሄዶ ይታይ፣ የሕክምና ማስረጃ ይቀበል፣ ቁስሉን ፎቶ ያንሳ። ሲበርድና ሲያብጥ መልኩ ይለወጣልና አትቆዩ። ቦታ፣ ሰዓት፣ የፖሊሱን ስም ወይም መልክ፣ ያዩ ሰዎችን በዚያው ምሽት ጻፉ።

ከዚያ በጽሑፍ አመልክቱ። መጀመሪያ ለጣቢያው ኃላፊ፤ መልስ ካጣችሁ ለወረዳው ፖሊስ ጽሕፈት ቤት፣ ለዞኑ ፖሊስ መምሪያ፣ ለክልሉ ፖሊስ ኮሚሽን። በኃላፊው ራሱ ከተበደላችሁ አንድ ደረጃ ከፍ ብላችሁ ጀምሩ። ድርጊቱ ወንጀል ከሆነ ለዐቃቤ ሕግም አመልክቱ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋሙት እንዲህ ያለ አቤቱታ ጭምር እንዲቀበሉ ነው።

ማመልከቻው ላይ ስድብ አትጻፉ፤ «አረመኔ» ከማለት «ሁለት ጊዜ በዱላ ግራ ትከሻዬን መታኝ» ማለት ይበልጣል። በሁለት ቅጂ አዘጋጁ። አንዱን ስታስገቡ ሁለተኛው ላይ የመዝገብ ቤቱ ማህተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር ይደረግላችሁ። ማህተም ሳይመታበት ከመስኮቱ አትነሱ።